በቄጤማ ሸክም ውስጥ የመጣችው

ቄጤማ የሚታጨደው ማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ነው። አጫጁ ጎንበስ ብሎ ጭብጥ ሙሉውን በግራ እጁ ይይዛል፤ ማጭዱን ከሥሩ ያስገባና ወደ ራሱ ይስባል። ከፍ አድርጎ የሚያጭድ ሰው በእኛ አገር ሰነፍ ይባላል፤ ነጩ የግንዱ ጫፍ ከአረንጓዴው ጋር ወለል ላይ ሲጎዘጎዝ ነውና የሚያምረው። ይህን ልማድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሥር፣ አንዲት ትንሽ እባብ በብርድ ደንዝዛ፣ እንደ ሰዓት ሞላ ተጠቅልላ እንደምትገኝ ያወቅሁት ግን ዘግይቼ፣ ከአባቴ ቤት መውጣት ባቃተኝ ዓመት ነው።

የአባቴ ቤት አምበር ከተማ ዳር ነው። ከጓሮው አጥር በታች መሬቱ ቁልቁል ይወርድና ጨፌ ይሆናል፤ በጋም እንኳ እግር የሚያሰምጥ፣ ቄጤማ የሞላበት የወል ግጦሽ። አባቴ የመጻሕፍት መምህር ነበሩ። እኛን ልጆቻቸውን ጨምሮ አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። ግማሽ ጎናቸውን ሕመም ሲመታቸው እናቴ ቀደም ብላ ሞታ ነበር። ሁለቱ ወንድሞቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ ሁለቱም ትዳር አላቸው። እኔ አላገባሁም። በሥነ ሕይወት ዶክትሬት አለኝ፤ ዓባይ ማዶ ባለ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ ጉዳዩ በቤተሰብ ሲታይ ግን የተመዘነው ትምህርቴ ሳይሆን ባል ማጣቴ ነበር።

«ለጊዜው ነው፤ ሰው እስክናገኝ» አለኝ ታላቅ ወንድሜ በስልክ።

ሰው አልተገኘም፤ የፈለገም አልነበረም። መንገዱ አንድ ሰሞን ይዘጋል፣ አንድ ሰሞን ይከፈታል። ሲዘጋ ወንድሞቼ መምጣት ያልቻሉት በመንገዱ ምክንያት ይሆናል፤ ሲከፈት ሌላ ምክንያት ይመጣል። ዩኒቨርሲቲው ፈቃዴን አንድ ጊዜ አራዘመልኝ፤ ሁለተኛ ጊዜም አራዘመልኝ። ከዚያ በኋላ በጥቅምት መጀመሪያ በክፍል ውስጥ ካልተገኘሁ ቦታዬ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በትሕትና አስታወቀኝ። ትሕትናው እውነተኛ ነበር። ማስጠንቀቂያውም እንደዚሁ።

የቀኔን አሠራር መግለጽ አስቸጋሪ አይደለም። አባቴን አጥባለሁ፤ የመኝታ ቁስል እንዳይወጣባቸው ከጎን ወደ ጎን አገላብጣለሁ፤ አጥሚት አጠጣለሁ። ምላሳቸውና አእምሯቸው ጤነኛ ነበሩና የተበላሸውን ሁሉ ያርሙኛል፤ አጥሚቱ ቀጥኗል፣ ትራሱ ዘቅዝቋል፣ መስኮቱ አለቅጥ ተከፍቷል። እርማታቸው ትክክል ነበር፤ ያንን ልክድ አልችልም። እንቅልፍ ሲወስዳቸው በጓሮ በር ወጥቼ ወደ ጨፌው እወርዳለሁ። ከዚያ ግን ርቄ መሄድ አልችልም፤ ሲነቁ ይጣራሉ፤ ጥሪያቸው መሰማት አለበት። ስለዚህ የጥናት ቦታዬን ወሰን ያሰመረው ሳይንስ አልነበረም። የአባቴ ድምፅ ነበር። ከዚያ ወሰን ማዶ ያለው ጨፌ ምን እንደሚመስል እስከዛሬ በበቂ አላውቅም።

ከወሰኑ በዚህ በኩል ግን እባቧን አወቅሁ። ቁመቷ ክንድ አይሞላም። ጀርባዋ የሸክላ ቀለም አለው፤ መካከሉን ጥቁር መስመር ይከፍለዋል። ሆዷ ወተት የመሰለ፣ ግራና ቀኙ በነጠብጣብ የተጠለፈ ነው። ራሷ ከአንገቷ ብዙም አይለይም። መርዝ የላትም፤ የሰው ቆዳ የሚበሳ ጥርስም የላትም። ስትያዝ ራሷን መካከል አስገብታ ትጠቀለላለች፤ ከዚያ ካለፈም መጥፎ ሽታ ትለቃለች። መከላከያዋ በሙሉ ይኸው ነው። ምግቧ ቀንድ አውጣና ዛጎል የሌለው ዘመዱ ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ ቀንድ አውጣው ሣር ላይ ጥሎት ያለፈውን ልጋግ በምላሷ እየቀመሰች ትከተለዋለች፤ ስትደርስበት ሥጋውን ትይዝና ዛጎሉን ከጉቶ ጋር እያሻሸች እስኪለቅላት ትጎትታለች። ይህን ያየሁት በረጠበ መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፌ፣ በደረቴ ተኝቼ ነው። ጎመን የሚተክሉ ጎረቤቶቻችን ቅጠሉን የሚበሳሳባቸውን ነገር ለማጥፋት መርዝ ገዝተው ይረጫሉ፤ ያንኑ ሥራ በነጻ የምትሠራላቸውን ግን ሲያገኟት በአካፋ ይቆርጧታል።

በዓለም አቀፉ የጥበቃ መዝገብ ላይ ደረጃዋ «አሳሳቢነቱ አነስተኛ» ነው። ፍርዱ የተሰጠው ከእኛ ደጋ አንሥቶ እስከ አህጉሩ ደቡባዊ ጫፍ ለተዘረጋ አንድ ስም ነው። ስሙ ሰፊ ስለሆነ ስጋት አይታይበትም። የእኛዋ እባብ ግን ከደቡቦቹ በመካከል ባለው ቆላ የተነጠለች፣ ምናልባትም ራሷን የቻለች ዝርያ ናት ብዬ እጠረጥራለሁ። ጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬውን ማስረጃ ለማድረግ ናሙና፣ ቤተ ሙከራና ክፍት መንገድ ያስፈልጋል፤ እኔ የነበረኝ ላስቲክ ነው። ለደጋችን እባብ ለብቻዋ የተሰጠ ደረጃ የለም፤ ብትጠፋም ከየትኛውም ቁጥር ላይ የሚቀነስ ነገር ስለማይኖር ማንም አይጠየቅባትም። ከጨፌ መውጣት አትችልም፤ ደረቅ መሬት ላይ ቀንድ አውጣ የለም። ጨፌው ደግሞ ከዳር ጀምሮ በቦይ ውኃው እየተጠነፈፈ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል።

ይህ ሁሉ ለባለሙያ የታወቀ ነው። ያልተጻፈውና እኔ ያየሁት ሌላ ነው። እባቧ የምትወልደው በክረምቱ መውጫ ነው። ያረገዘች እባብ ደግሞ ሩቅ አትሄድም፤ ሙቀት ፍለጋ ጥቅጥቅ ባለው የቄጤማ ሥር ትከማቻለች። መስከረም የበዓል ወር ነው፤ ለበዓል ቤት ይጎዘጎዛል፤ ለጉዝጓዝ ቄጤማ ይታጨዳል፤ የሚታጨደውም ማለዳ፣ ከሥሩ፣ ጥቅጥቅ ካለበት ቦታ ተመርጦ ነው። ማጭዱ ሳይነካት ብትቀር እንኳ ከነዶው ጋር ትታሰርና በሰው ጀርባ ወደ ቤት ትገባለች። ስለዚህ በየዓመቱ በመስከረም ተለይተው የሚሞቱት እርጉዞቹ ናቸው። ስንት እንደሆኑ አላውቅም፤ የማላውቀውን ቁጥር አልጽፍም።

በዚያ ዓመት የመስከረም ማርያም ማኅበር ተራው የአባቴ ነበር። ታመዋልና ይለፋቸው ያለ ሰው ነበር፤ አባቴ አልተቀበሉም። «ተራዬን ሳልዘክር ልሙት?» አሉ። ጠላው ተጠመቀ፤ ዳቦው ተደፋ። እኔ ግን ስለ ድግሱ ግድ አልነበረኝም፤ የምጠብቀው ሌላ ሰው ነበር።

የአባቴ የአክስታቸው ልጅ ሉማሜ ትኖራለች። ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿ ወጥተዋል፤ ከመኪና መቆሚያው አጠገብ ሻይ ቤት ይዛ ስትሠራ ቆይታ መንገዱ ሲዘጋጋ ሥራው ቀዘቀዘባት። የኔታን ላስታምም፣ ቤታቸው ልኑር ስትል በሰው ላከችብኝ። ወንድሞቼ የሚያስፈልጋትን ሊልኩላት ተስማሙ፤ ከአፋቸው «እሺ» የወጣው በአንድ ቀን ውስጥ ነው። ለማኅበሩ ዋዜማ መጣች። ደልደል ያለች፣ ሳቋ ከበር የሚቀድም ሴት ናት። ስትገባ የአባቴን ጉልበት ሳመችና ሳትጠየቅ ውኃ አሙቃ እግራቸውን አጠበች።

«የኔታ፣ ይህ እግር ስንት ደብር ዞሯል?» አለቻቸው እያሸች።

«ያንቺን ሻይ ቤት ብቻ ነው ያልረገጠው።»

«ቢረግጥማ ኖሮ ቅኔ እያስዘረፍሁ ሻይ በነጻ አጠጣ ነበር!»

አባቴ ሳቁ። እኔ በቤቱ በኖርሁበት ጊዜ ሁሉ ሲስቁ አልሰማኋቸውም ነበር። ቅር አላለኝም፤ መውጫዬ በእርግጥ መከፈቱን ያረጋገጥሁት በዚያ ሳቅ ነው። ወደ ጓዳ ገብቼ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ማኅበሩ ባለፈ ማግስት ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በእኛ በኩል ወደ ዓባይ የሚወርድ መኪና ላይ ቦታ ተይዞልኝ ነበር።

«ዶክተርዬ፣ አንቺማ ሂጂ» አለችኝ ሻንጣውን ስታይ። «እኔ የኔታን እንደ ሕፃን ነው የማቅፋቸው። ሰው አይደል የራበኝ? ሻይ ቤቴ ወንበሩ ብቻ ነው የቀረው።»

በማግስቱ ማኅበርተኛው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ጎረቤታችን የተሸከመችውን ቄጤማ በር ላይ አወረደች። ዘግይታ ነበር፤ ቀድሞ መጎዝጎዝ ነበረበት። ማሰሪያውን ፈትታ በእግራችን መካከል እየበተነች መጣች። በሁለተኛው ጭብጥ አንድ ክብ ነገር ከእጇ ወደቀ፤ እንደ ገመድ ቁራጭ ተንከባለለና መሃል ወለል ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተፈታ።

«እባብ! እናቴ ድረሽ! እባብ!»

ሴቶቹ መደብ ላይ ወጡ። የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል፤ የሁሉም ማኅበር አለቃ በዚሁ ነው የሚጠራው። የእኛው ሙሴ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ዱላቸውን አንሥተው ወደፊት ሲመጡ ከመደቡ ጥግ አንድ ሰው ጠላውን እንደያዘ ጮኸ።

«ኧረ ሙሴ፣ በትርዎ ወድቃ እንዳትሆን! ጅራቷን ይያዟት፣ መልሳ በትር ትሆናለች!»

«ያንተ ምላስ ናት፤ ከአፍህ ሾልካ ነው!» አሉት ሙሴ ዞር ሳይሉ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በዚያ ሳቅ መካከል ተንበርክኬ አነሣኋት። ሳቁ ቆመ።

«ጣያት!» አለች ከሉማሜ የመጣችው ባልቴት ከመደቡ ላይ። «ዶክተር፣ በማርያም ጣያት! እጅሽን!»

«መርዝ የላትም» አልሁ። «አትናከስም። የምትበላው ቀንድ አውጣ ነው።»

«ቀንድ አውጣ ብቻ?» አሉ ሙሴ፣ ዱላቸውን ሳያወርዱ። «እንዲያማ ከሆነች ከእኛ ይልቅ ጾመኛ ናታ።»

«ቀንድ አውጣ ሥጋ አይደለም እንዴ? ምኑ ነው ጾሙ?» አለ ያው ከጥግ ያለው ሰው።

እንደገና ሊስቁ ሲሉ የአባቴ ድምፅ ከአልጋው መጣ።

«ወዲህ አምጪያት።»

ወሰድሁላቸው። ከመዳፌ ላይ ተጠቅልላለች። በጣቴ ሆዷን ስነካው ጠጠር የመሰሉ ነገሮች በሰልፍ ተደርድረው ይሰሙኛል። መውለጃዋ ደርሷል። አባቴ አንገታቸውን ማዞር የሚችሉትን ያህል አዙረው ለረጅም ጊዜ አዩአት።

«ትጥላለች፣ ወይስ ትወልዳለች?»

ጥያቄው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አባቴ ባስተማሩት ትርጓሜ እፉኝት እንደ ሌላው እባብ እንቁላል አትጥልም። ልጆቿን በሆዷ ትይዛለች፤ ልጆቿም ሆዷን ቀደው፣ ገድለዋት ይወጣሉ። ስለዚህ በዚህ ንባብ ያደገ ሰው እፉኝትን የሚያውቃት በመርዟ ወይም በቀለሟ አይደለም። መውለዷ ነው ምልክቷ። በልጅነቴ ይህንን በግድግዳ በኩል ለተማሪዎቻቸው ሲያስረዱ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ወላጅ ገዳይ ናትና ያገኛት ሁሉ ሊገድላት ይገባል። በእጄ የያዝኋት እባብ ትወልዳለች። በመርዛማው እፉኝትና በእሷ መካከል ያለው ዝምድና በእኔና በግመል መካከል ካለው አይበልጥም፤ ነገር ግን ይህን የማስረዳበት ክፍል አልነበረም፤ የነበረው ዱላ የያዘ ሰው፣ መደብ ላይ የቆመችም ባልቴት ነበሩ።

«ትጥላለች» አልሁ። «እንቁላል ትጥላለች፣ የኔታ።»

በሙያዬ አውቄ የተናገርሁት የመጀመሪያው ሐሰት ይህ ነው። የዋሸሁት ለሁለታችን ነበር፤ እባቧ ከዱላው፣ እኔ ከቤቱ እንድንወጣ።

«እንግዲያ ተራ እባብ ናት» አሉ አባቴ። «በማርያም ቀን ደም አይፍሰስ። ታውጣት።»

ሙሴ ዱላቸውን አወረዱ። እባቧን ባዶ ማድጋ ውስጥ ከረጠበ ቄጤማ ጋር ከተትኋት፤ አፉን በጨርቅ አስሬ ጓዳ አስቀመጥሁት። ወዲያው ወደ ጨፌው ልወስዳት ነበር። ግን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፤ የጓሮው ቁልቁለት ጎርፍ ሆነ፤ እንግዳው ሊወጣ አልቻለም፤ ጠላ ተደገመ፤ ጽዋው ለተረኛው ተላለፈ። ሁሉም ሲሄድ ቀኑ መሽቷል፤ አባቴ ድካም ጸንቶባቸው ነበር። ጧት አደርሳታለሁ አልሁ። ጧት የሚጠብቀኝ ሌላ ምንም ሥራ አልነበረም፤ እባቧን ማድረስና መኪናው ላይ መውጣት ብቻ።

ባልቴቷ ከእኔ ቀድማ ተነሣች። ሥራዋን የጀመረችበት የመጀመሪያ ጧት ነውና ውኃ ቀድታ ልትጠብቀኝ ፈለገች፤ እባቧ ማታውኑ የተለቀቀች መስሏት ከጓዳው ማድጋዎች መካከል ባዶ የመሰላትን አነሣች፤ ጨርቁን ፈታች። ጩኸቷ ነው ያስነሣኝ። ስደርስ ማድጋው አልተሰበረም፤ በጥንቃቄ መሬት ላይ መልሳ አስቀምጣዋለች። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

ወደ ውስጥ አየሁ። ልጆቹ እንደ ወፍራም ክር ነበሩ። አንዳንዶቹ ከተወለዱበት ስስ ሽፋን ገና መውጣታቸው ነው፤ ሽፋኑ ቄጤማው ላይ እንደ እርጥብ የሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፏል። ከሸፈናቸው ነገር የወጣ እያንዳንዱ ወዲያው ይጠቀለላል፤ ማንም ሳያስተምረው። እናቲቱ በመካከላቸው ሆዷ ጎድሎ፣ ምላሷን እያወጣች ተቀምጣለች። ይህችን እባብ ስትወልድ ያየ ሰው በዚህ ደጋ ላይ መኖሩን አላውቅም። ለጥቂት ጊዜ ስለ መኪናው፣ ስለ ባልቴቷ፣ ስለ ራሴም አላሰብሁም። ደስ አለኝ።

ቀና ስል ባልቴቷ ከጓዳው ወጥታ ነበር።

«የኔታ! የኔታ፣ ወልዳለች! ሞልቶታል ማድጋው! እፉኝት ናት!»

ተከትያት ገባሁ። አባቴ እሷን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያዩት።

«ትጥላለች አላልሽኝም?»

«ብያለሁ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ሊገድሏት ስለነበር ነው።»

ባልቴቷ ነጠላዋን እየሰበሰበች ነበር።

«እትዬ» አልኋት፣ «እፉኝት አይደለችም። እዚህ ጨፌ ላይ ከጥንት ጀምሮ ኖራለች፤ ማንንም ነክሳ አታውቅም።»

«ንክሻዋን ማን ፈራ?» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ የከበደኝም ያ ነው። «ሻይ ቤት ስኖር የሰው ንክሻ ስንት ችያለሁ። እኔ የምፈራው አፍ ነው፣ እህቴ። ነገ የኔታ አንድ ነገር ቢሆኑ ምን ይባላል? እፉኝት የተወለደችበት ቤት፣ እሷ በገባች ማግስት ይባላል። ወንድሞችሽ ይሉኛል። አገሩ ይለኛል። አንቺ ልጃቸው ነሽ፤ ላንቺ ይታለፋል። እኔን ማን ያልፈኛል?»

ሐሳቧ በትክክል የተቀመጠ ነበር። ያንን ሐሳብ ሊያፈርስ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አልጋው ላይ ተኝቷል። የአባቴ ቃል በዚያ አገር ከሕክምና ማስረጃ ይበልጣል። እፉኝት አይደለችም ቢሉ፣ ነገሩ ከእሳቸው አፍ ወጥቶ እስከ ሉማሜ፣ እስከ መርጡለ ማርያም ድረስ እፉኝት አለመሆኗ የጸና ይሆናል።

አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ። ከልጅነቴ ወዲህ ፊታቸው ተንበርክኬ አላውቅም።

«የኔታ፣ አንድ ቃል ይንገሯት። ከእርስዎ ከሰማች ትቀራለች።»

«ምን ልበላት?»

«እፉኝት አይደለችም ይበሏት።»

«የማላውቀውን?»

«እኔ አውቀዋለሁ።»

«አንቺ እያወቅሽ ዋሸሽ» አሉ፣ በወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ተማሪ ያርሙበት በነበረው ድምፅ። «እኔ ሳላውቅ ልዋሽ?»

ዓረፍተ ነገሩ እንከን አልነበረበትም። ይህን ስጽፍ እንኳ የሚነቀፍ ነገር አላገኝበትም። የማላውቀው ከበስተኋላው ያለውን ነው። በዚያ ጧት አባቴ ለእውነት ተቆርቁረው ይሁን፣ ወይስ ሻንጣዬን በጓዳው በር በኩል ከአልጋቸው ሆነው ያዩት ስለነበር፣ እስከዛሬ መለየት አልቻልሁም። የኋለኛው ቢሆን እንኳ ሐሰት አልተናገሩም። ሰው እውነትን ብቻ ተናግሮ በር ሊዘጋ እንደሚችል የተማርሁት ከእሳቸው ነው።

ባልቴቷን እስከ አስፋልቱ ሸኘኋት። ሻንጣዬ ቤት ቀርቷል። መኪናው ሲመጣ ረዳቱ ስሜን ጠራ፤ እኔ ወደ እሷ ጠቆምሁ፤ ለእኔ በተያዘው ቦታ ላይ ተቀመጠችና በመስኮቱ እጄን ያዘች።

«አትቀየሚኝ፣ ዶክተርዬ።»

«አልቀየምም።»

«ውሸቱን ባትዋሺ ኖሮ እኮ…» ብላ ተወችው። መኪናው ሄደ።

ውሸቱን ባልዋሽ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ራሴ ጨርሼዋለሁ። እባቧ መሃል ወለል ላይ ትሞት ነበር፤ ልጆቿም በሆዷ ውስጥ። ማኅበርተኛው ሬሳዋን በዱላ አንሥቶ ደጅ አቃጥሎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጠላውን ይቀጥል ነበር። ባልቴቷ ከመደቡ ትወርድና ትስቅ ነበር። እኔ በዚያች ሰዓት ዓባይን እየወረድሁ እሆን ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም የሚወጣው ያው ነው።

ስመለስ ማድጋውን ይዤ ወደ ጨፌው ወረድሁ። ያልታጨደ ጥቅጥቅ ያለ ቦታ መርጬ በጎኑ አጋደምሁት። መጀመሪያ እናቲቱ ወጣች፤ ወደ ልጆቿ ዞር ብላ ሳታይ በቄጤማው ሥር ገባች። በዚህ ዓይነት እባብ ዘንድ እናትነት በወሊድ ያበቃል፤ መጋቢ የለም፣ ተመጋቢ የለም፣ አንዱ ሌላውን የሚያስታምምበት ሥርዓት የለም። ልጆቹ ግን ለመውጣት ጊዜ ፈጀባቸው። አንዳንዶቹ ከማድጋው አፍ ላይ እየተጠቀለሉ ቆዩ። ከጨፌው ማዶ፣ ከወሰኔ ውጭ ባለው ዳር፣ ሰዎች አዲስ ቦይ ይቆፍሩ ነበር፤ የባሕር ዛፍ ችግኝ በላስቲክ ተደርድሮ አጠገባቸው አለ። የቦዩ አፍ ወደዚህ ያዘነበለ ነው። ውኃው በየት በኩል እንደሚወጣ ከቆምሁበት ማየት ይቻላል።

የመጨረሻው ልጅ ሳይወጣ አባቴ ተጣሩ።

ማድጋውን እንዳለ ትቼ ወጣሁ። ሣሩን እየረገጥሁ ስሄድ ስልኬ ጮኸ፤ ታላቅ ወንድሜ ነበር። ወሬው ከመኪናው ቀድሞ አዲስ አበባ ገብቷል።

«ጓዳ ውስጥ እባብ አርብታ ሴትዮዋን አባረረቻት ነው የሚሉት! ምን ሆነሻል? ለአንድ ቀን እንኳ አርፈሽ መቀመጥ ያቅትሻል?»

«ሌላ ሰው ፈልጉ» አልሁት።

«ከየት? ይህን የሰማ ማን ይገባል? በይ አሁን የኔታን እንዳታስቆጪያቸው። ቢያንስ እስከ ጥምቀት ድረስ ቻይው፤ ለጊዜው ነው።»

ዘጋሁበት። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አጭር መልእክት ጻፍሁ፤ ኔትወርኩ ተመልሶ ሲመጣ እንዲሄድ ተውሁት።

አባቴ ትራሳቸው ተንሸራትቶ ነበር። አንገታቸውን ደግፌ አቀናሁላቸው።

«እናቲቱስ?» አሉ።

«ወደ ጨፌው ለቀቅኋት።»

«በሕይወት?»

«በሕይወት።»

«ልጆቹ ከወጡ በኋላ ነው የምልሽ። ሆዷ አልተቀደደም?»

«አልተቀደደም፣ የኔታ። ራሷ ሄደች።»

አባቴ ይህን ነገር አገላብጠው መረመሩት። ሲመረምሩ ከንፈራቸው ጤነኛ በሆነው በኩል ብቻ እንደሚንቀሳቀስ አውቃለሁ፤ በአስተማሪነታቸው ዘመን ጥያቄ ሲቀርብላቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ያኔ በሁለቱም በኩል ነበር እንጂ።

«እንግዲያ እፉኝት አልነበረችም» አሉ።

ብርድ ልብሱን እስከ ደረታቸው ሳብሁላቸው።

«ሴትዮዋ ሉማሜ ደርሳ ይሆን?» አሉ።

«ደርሳለች።»

ጤነኛ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው አገላብጠው ተመለከቱት።

«ነገ ጥፍሬን ትቆርጪልኛለሽ» አሉ። «ረዝሟል።»

«እሺ» አልሁ።